ንብ የሌለበት ሰም

ቅዳሜ ማታ ነው። እግሬ ዝሏል፣ ግን ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ዛሬ ኡቺኮ ዋልኩ። ከማትሱያማ በፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጃፓን ውስጥ፣ ሺኮኩ ደሴት ላይ ያለች፣ በተራራ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት። ዮካይቺ ጎኮኩ የሚሉት የድሮ ነጋዴዎች መንገድ 600 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ዳገት ቢጤም አለበት። ግራና ቀኝ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ግድግዳ ያላቸው የእንጨት ቤቶች ተደርድረዋል። አንድ ሰዓት ይበቃዋል ብዬ ነበር። ቀኑን በላው።

መጀመሪያ የገባሁት የንግድና የኑሮ ሙዚየም ወደሚባለው ነው። ቤቱ ድሮ መድኃኒት ቤት ነበር፤ በ1920ዎቹ (በፈረንጆቹ) የነበረውን መልክ እንደያዘ አለ። ባንኮኒው ጋ የተቀመጠውን ሰውዬ አየሁና፣ እንደ አገሩ ወግ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩት። እሱም ማውራት ጀመረ። ሁለቴ ጎንበስ ካልኩ በኋላ ነው አሻንጉሊት መሆኑ የገባኝ! ድምፁ የተቀዳ ነው። ወደ ጓዳ ስዘልቅ ደግሞ ቤተሰቡ ገበታ ቀርቧል፣ እነሱም ያወራሉ። ሰው እራት ላይ ሳይጠራ ዘው እንዳለ ሰው አፈርኩ። ብቻዬን መሆኔ በጀኝ።

እኔ እንዲህ ያሉ ሙዚየሞች ይመቹኛል። ትልልቆቹ የጌታውን ሰይፍ ያሳዩሃል። እነዚህ ደግሞ ሩዙ የት እንደተቀቀለ፣ ሠራተኛው የት እንደተኛ።

ዳገቱን ስጨርስ ካሚሃጋ ቤት ደረስኩ። ሰም ይሠሩ የነበሩ የሃጋ ቤተሰብ ቤት ነው፤ አሁን የሰም ሙዚየም ሆኗል። ሰም ሲባል ለእኔ ንብ ነው የሚመጣልኝ፤ ከንብም አልፎ ጧፍ። ስለዚህ ቀፎው የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። ቲኬት የሚቆርጡት እናት ሳቁና ጥቃቅን ደረቅ ፍሬ አሳዩኝ። ሃዜ የሚባል ዛፍ ፍሬ ነው፤ ዛፉን የነካ ሰው ቆዳው ሊያብጥ ይችላል። ፍሬው ይፈጫል፣ በእንፋሎት ይሞቃል፣ ከዚያ ይጨመቃል። እንደውም በኬሚስትሪ ሰም ሳይሆን ስብ ነው። የሱሞ ታጋዮች ፀጉር የሚያዘው በዚሁ በተሠራ ቅባት ነው።

ከመጭመቂያው የሚወጣው ግን መልኩ አያምርም። ነጭ እንዲሆን ቀልጦ ውኃ ላይ ይፈስና በስሱ ይረጋል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ልክ እንደ በርበሬ። ዘዴውን ያገኘው ከሃጋ ቤተሰብ አንዱ ነው ይባላል። ሌሊት ሻማ ይዞ ለሽንት ሲወጣ፣ ሰሙ እጅ መታጠቢያው ውኃ ውስጥ ጠብ አለና ነጭ አበባ መሰለ። እውነት ይሁን ተረት እንጃ፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ስንት ሀብታም በሽንት ቤት መንገድ ተገኝቷል?

ሀብቱ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ሰሙ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓና አሜሪካ ይሸጥ ነበር። የካሚሃጋ ዋና ቤት የተሠራው በፈረንጆቹ 1894 ነው፤ ጣሪያው ስር ያሉትን ግንዶች ቀና ብዬ ሳይ አንገቴ ታመመ። ከዚያ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ርካሽ ፓራፊን መጣ፣ ኤሌክትሪክ መጣ፣ በ1920ዎቹ ሥራው ቆመ። ሰፊው ግቢ ውስጥ ፀጥ ብሎ የቆመውን መጭመቂያ ሳይ፣ ብርሃን ሲሸጡ የኖሩ ሰዎች በአምፖል መክሰራቸው አሳዘነኝም፣ አሳቀኝም። መንገዱን መንግሥት በ1982 በቅርስነት ከለለው።

ወደ ባቡር ጣቢያ ስመለስ ሻማ ቤት ጎራ አልኩ። እዚህ አሁንም በእጅ ይሠራሉ። ክሩ ክር አይደለም፤ ወረቀት ላይ የተጠቀለለ የሣር ልብ ነው። ሠራተኛው የቀለጠውን ሰም በባዶ መዳፉ እያሸ ደጋግሞ ይቀባል። ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት በቀለበት ነው። መዳፉ እንዴት እንደቻለው አልጠየቅሁም፤ ጃፓንኛዬ እዚያ አያደርስም።

አንድ ትንሽ ገዛሁ። አሁን መብራት አጥፍቼ ለኩሼዋለሁ። ነበልባሉ ረዥም ነው፤ መስኮቱ ተዘግቶ እንኳ ይወዛወዛል፣ መሃሉ ክፍት ስለሆነ አየር ከታች ይስባል። ቅድም ጫፉ ረዝሞ ሲጨስ በጥፍር መቁረጫ ቀነጠብኩት። ሩቡ አልቋል። እስኪያልቅ እጽፋለሁ ብዬ ነበር፣ እንቅልፌ ቀደመው። እፍ ልበለው።