«ስንት ጊዜ ቀረኝ?» ብለው ከመጠየቅዎ በፊት

የሚሞቱበትን ቀን የሚነግርዎ ቢገኝ ይሰማሉ? አብዛኛው ሰው አልሰማም ባይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጌርድ ጊገረንዘርና ሮሲዮ ጋርሲያ ሬታሜሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ጀርመንና ስፔን ውስጥ ከ2,000 በላይ አዋቂዎች ተጠይቀው ነበር። ከጥያቄዎቹ መካከል የራስና የትዳር ጓደኛ የሞት ጊዜ ይገኙበታል። ሊመጣ ያለ ክፉ ነገርን አስቀድሜ ማወቅ አልፈልግም ያለው ከ85 እስከ 90 በመቶ ነው። ደጉንም ክፉውንም ሁሉን ልወቅ ያለው ግን 1 በመቶ ብቻ። ይበልጥ የሚገርመኝ፣ በዕድሜ የገፉት ሰዎች የሞታቸውን ጊዜ ለማወቅ ከወጣቶቹ ያነሰ ፍላጎት ማሳየታቸው ነው።

ይህን ፍርሃት ብዬ አልጠራውም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ አንዴ የሰሙትንም እንዳልሰሙ መሆን አይቻልም። ግን ጥያቄው እንዲህ ሲነሳ አንድ ነገር ይድበሰበሳል፦ ቀኑን በእጁ የያዘ ሰው የለም። በእውነተኛው ሕይወት የሚቀርብልን ወይ የዘረመል ምርመራ ውጤት ነው፣ ወይ ከታመምን በኋላ ሐኪም የሚሰጠው ግምት። ሁለቱም ቀን አይነግሩም። ስለዚህ ከመወሰን በፊት ምን እንደሚነግሩ መረዳት ይቀድማል።

ከዘረመሉ እንነሳ። ሀንቲንግተን የአንጎል ሕዋሳትን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። ከወላጆቹ አንዱ ያለበት ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ሕመሙን የሚያመጣው ዘረመል (ጂን) እ.ኤ.አ. በ1993 ከተለየ ወዲህ ሕመሙ ይመጣ እንደሆነ ምልክት ከመታየቱ በፊት በደም ምርመራ ይታወቃል። ሆኖም ምርመራው እንደልብ በሚገኝባቸው አገሮች እንኳ ሊወርሱ ከሚችሉት ሰዎች የሚበዙት ሳይመረመሩ መኖርን መርጠዋል።

ውጤቱ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ሆኖ ይመጣል፤ 17 እና 44 እንበል። ቁጥሮቹ «ሲኤጂ» የሚባሉት ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት በጂኑ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተደጋገሙ ይናገራሉ፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት የመጣ ነው። ዓይን የሚያርፈው ትልቁ ላይ ነው። እስከ 26 ድረስ ስጋት የለም። ከ27 እስከ 35 ያለው ሰውየውን አያሳምመውም ተብሎ ይታሰባል፤ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ግን ቁጥሩ ሊያድግ ይችላል። ከ36 እስከ 39 ሊያምም ላያምምም ይችላል። 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሰውየው ሌላ ነገር ካልቀደመው ሕመሙ አይቀርም። መቼ ለሚለው ግን ወረቀቱ ላይ መልስ የለም። ቁጥሩ ሲበዛ ሕመሙ ቶሎ ይጀምራል፤ ነገር ግን ሁለቱም 44 ያላቸው ሰዎች ሕመሙ የሚጀምርባቸው ዕድሜ በብዙ ዓመታት ሊራራቅ ይችላል። «አለብህ» የሚለውን አውቆ «መቼ» የሚለውን ሳያውቁ መኖር፣ ቀን ከማወቅም ካለማወቅም የተለየ ሦስተኛ ኑሮ ነው።

በደንብ የሚሠራ ማዕከል መጀመሪያ ደም አይቀዳም። የምክር ቀጠሮ ይቀድማል፣ የነርቭ ሐኪም ያያል፣ የአእምሮ ጤና ሁኔታ ይጠየቃል፣ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ውጤቱ በአካል ተገኝተው ይነገራል እንጂ በስልክ ወይም በፖስታ አይላክም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ምልክት የሌለው ልጅ አይመረመርም። ውጤቱ ታሽጎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንኳ «ይቅርብኝ» ማለት ይቻላል። አብሮ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህ ሰው ራሱ ሊወርስ የሚችል ወንድም ወይም እህት ባይሆን ይመረጣል፤ የእርስዎን ሲሰማ ስለራሱ ማሰቡ አይቀርምና። በብዙ አገር የሕይወት መድን ጉዳይም ከምርመራው በፊት መታየት አለበት።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው በአንድ በኩል ነው። በእናት በኩል ያሉት አያት ሕመሙ ነበረባቸው፣ እናት መመርመር አልፈለጉም፣ ልጅ ተመረመረና ተገኘበት እንበል። በዚያች ቅጽበት የእናትም ውጤት ታወቀ። አልፈልግም ያሉትን ዕውቀት ልጃቸው ይዞባቸው ገባ። ስለዚህ ቤተሰቡ ከደሙ በፊት መነጋገር አለበት፤ በኋላ የሚደረግ ንግግር ምሥጢር አይጠብቅም።

አሁን ወደ ሐኪሙ ግምት እንሂድ፤ አብዛኞቻችንን የሚገጥመን ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት 343 ሐኪሞች በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ለነበሩ 468 ታማሚዎች የቀራቸውን ጊዜ ገመቱ። ለእውነቱ የቀረበው ግምት 20 በመቶ ብቻ ነበር። 63 በመቶው ከእውነቱ የረዘመ፣ 17 በመቶው ያጠረ ሆነ። ታማሚውን ረዘም ላለ ጊዜ የሚያውቀው ሐኪም ደግሞ ይበልጥ ይሳሳት ነበር። ሐኪሙም ሰው ነው፤ ለሚወደው ታማሚ ጊዜ ይጨምርለታል።

ሐኪም «12 ወር» ሲል ብዙ ጊዜ የሚናገረው ሜዲያኑን ነው፤ ማለትም ታማሚዎቹን ቀድሞ ከሞተው ጀምሮ ቢያሰልፏቸው መሀል ላይ የሚቆመው ሰው የቆየበትን ጊዜ። ግማሾቹ ከዚያ በፊት ሞተዋል፤ ግማሾቹ በዚያን ቀን በሕይወት አሉ። ለተሠራጨ ካንሰር ይህን ቁጥር ወደ ክልል የሚቀይር ቀላል ስሌት አለ። ቁጥሩን ለአራት ያካፍሉ፦ ከ10 ታማሚ 1 ያህሉ እስከ 3 ወር ድረስ ያርፋል። ግማሹንና እጥፉን ይያዙ፦ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በ6 ወርና በ24 ወር መካከል ይሞታሉ። በሦስት ያባዙ፦ ከ10 ታማሚ 1 ያህሉ 36 ወርና ከዚያ በላይ ይቆያል። የሥነ ሕይወት ሊቁ ስቴፈን ጄይ ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1982 ሜዲያኑ 8 ወር የሆነ ካንሰር ተገኘበት፤ 20 ዓመት ኖሮ በ2002 በሌላ ካንሰር ሞተ። እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ከሰልፉ ጫፍ ላይ አለ።

ስሌቱ ለልብና ለሳንባ ድካም አይበጅም። በእነዚህ ሕመሞች ታማሚው ይወድቃል፣ ያገግማል፣ እንደገና ይወድቃል፤ እያንዳንዱ ውድቀት የመጨረሻው ይመስላል።

«ስንት ጊዜ ቀረኝ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር ይጠራል፤ አንድ ቁጥር ደግሞ ያሳስታል። እንዲህ ቢጠይቁ ይሻላል፦ «እንደኔ ባሉ ሰዎች ላይ ጥሩው፣ የተለመደውና መጥፎው ምን ያህል ነው?» ቀጥሎም፦ «የሚቆጠረው ሕመሙ ከታወቀበት ቀን ነው ወይስ ከዛሬ? ሕክምናውን ብወስድ ነው ወይስ ባልወስድ?» ቁጥር ጨርሶ የማይፈልግ ሰው ጉዳዩን ብቻ ይጠይቅ፦ «ልጄ በስድስት ወር ውስጥ ትመረቃለች፤ በጉልበቴ ቆሜ አያታለሁ?» ይህ ጥያቄ ሐኪሙንም ያግዘዋል። ሁኔታው ሲለወጥ ጥያቄው ይደገም፤ የመጋቢት ግምት ለሐምሌ አይሆንም። ሐኪሞች ራሳቸው የሚጠቀሙበት አንድ መለኪያም አለ፦ ታማሚው ከወር ወር እየደከመ ከሆነ የቀረው በወራት፣ ከሳምንት ሳምንት ከሆነ በሳምንታት፣ ከቀን ቀን ከሆነ በቀናት ይገመታል።

ቤተሰብ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዞ «ለእሷ አይንገሩብን» ሲል ከፍቅር ነው። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ታማሚዋ ገብቷት፣ ልጆቿን ላለማስጨነቅ ዝም ማለቷ ነው። ሁለቱም ወገን እያወቀ ብቻውን ይቀራል። መፍትሔው በግድ መንገርም አይደለም፤ እሷን መጠየቅ ነው፦ «ስለ ሕመሙ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ካልፈለጉ ለማን እንንገር?» አለማወቅን የመረጠ ሰው መርጧል፤ ያ መከበር አለበት።

አለማወቅ ግን ከዝግጅት አያግድም። ኑዛዜ መጻፍ፣ ራስን ስቶ ቢተኙ ስለ ሕክምና የሚወስንልዎን ሰው መሰየም፣ የባንክና የስልክ የይለፍ ቃሎችን ለታመነ ሰው ማስቀመጥ፣ የትኛውም ግምት አያስፈልጋቸውም። የማስታገሻ ሕክምናም እንደዚያው ነው፤ ሕመምና ትንፋሽ ማጠርን የሚያቀል ባለሙያ ገና ከመጀመሪያው ሊጠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት የተሠራጨ የሳንባ ካንሰር ኖሮባቸው ይህን ሕክምና ቀድመው የጀመሩት የተሻለ ኑሮ ኖረዋል፤ ሜዲያናቸውም 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ነበር።

ምንም አልስማ ያለ ሰው አንድ ነገር ብቻ መዝገቡ ላይ እንዲጻፍለት ቢጠይቅ እመክራለሁ። በመጨረሻዎቹ ቀናት እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ጉልበት አካባቢ ቆዳው ይዥጎረጎራል፣ ሽንት ይቀንሳል፣ ትንፋሽ እየቆመ ይቀጥላል። ነርሶች ይህን ሲያዩ ያውቃሉ። «ለእኔ አትንገሩኝ፤ ቀናት ሲቀሩ ግን ርቀው ላሉት ልጆቼ ደውሉ» የሚል አንድ መስመር፣ ከስልክ ቁጥራቸው ጋር።