የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለመጀመሪያ ሥራ ማዘጋጀት፦ የሦስት ዓመት ልምዴ

በደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ዓርብ ዓርብ፣ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለሥራ ቃለ መጠይቅና ለመጀመሪያው የሥራ ወር ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር ላሰቡ ባልደረቦቼ ነው፤ ከተሳካልኝ ይልቅ ያልተሳካልኝ ይጠቅማቸዋል ብዬ ስለማስብም ስሕተቶቼን አላሳጠርኳቸውም።

ሥራውን እንድጀምር ያደረገኝ የፈተና ውጤት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ከቀሩት የተወሰኑት በሪሜዲያል ፕሮግራም ይገባሉ፣ የተወሰኑት ወደ ቴክኒክና ሙያ ያመራሉ፤ እኔ ካስተማርኳቸው ብዙዎቹ ግን ውጤቱ በወጣ ማግሥት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ነው የማገኛቸው። በከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የቢራና የውኃ ፋብሪካዎቹ፣ ሆቴሎቹና ሱፐርማርኬቶቹ ሰው ይቀጥራሉ። እኛ መምህራን ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስለ ዩኒቨርሲቲ እንጂ ስለነዚህ በሮች ነግረናቸው አናውቅም።

የመጀመሪያው ዙር 22 ተማሪዎች የነበሩበት ሲሆን፣ ያኔ የሠራሁትን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ለተለመዱ የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎች መልስ አዘጋጀሁ፣ አባዛሁ፣ በቃል እንዲያጠኑት አደረግሁ። የማመልከቻና የሲቪ ናሙናም ሰጠኋቸው። ከሁለት ወር በኋላ የአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ባለሙያ ደወለልኝና፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ «ታታሪ፣ ታማኝና በቡድን መሥራት የምችል» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበት 14 ማመልከቻ እንደደረሰው ነገረኝ። ይባስ ብሎ እኔ ናሙናው ላይ የሳትኳት አንዲት ፊደል በ14ቱም ላይ እንደተሳተች ነበረች። ባለሙያው አልተቆጣም፤ «መምህር፣ እኔ የምፈልገው እርስዎን ሳይሆን ልጆቹን ነው» ብቻ አለኝ። ደካማ ጎናቸው ሲጠየቁም ሁሉም «ሥራ ካልጨረስኩ ዕረፍት አለመውሰዴ ነው» ብለው ነበርና፣ እሱንም ያስተማርኳቸው እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. ናሙናውን ጣልኩና በልምምድ ጀመርኩ። ከሚኒ ሚዲያው ክፍል አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር አስገባሁ። ጠያቂ እንድትሆን ተማሪዎቹ ብዙም የማያውቋትን የንብረት ክፍል ኃላፊዋን ለመንኳት፤ የሚያውቁት መምህር ፊት ልምምዱ ወደ ጨዋታ ስለሚለወጥ ጠያቂው እንግዳ ቢሆን ይመረጣል። በዚያ ክፍል ከታዩት ሁሉ አሠራሬን የለወጠው የአንዲት ተማሪ ቃለ መጠይቅ ነው። ኃላፊዋ «ከዚህ በፊት ሥራ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ስትላት፣ ልጅቱ አንገቷን ደፍታ «አይ፣ ሠርቼ አላውቅም» አለች። ኃላፊዋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ልታልፍ ስትል፣ ታዲያ ጠዋት ጠዋት የምታረፍጂው ለምንድን ነው ብዬ ጣልቃ ገባሁ። እናቷ እንጀራ ጋግራ እንደምትሸጥ፣ እሷም ወደ ትምህርት ቤት ከመምጣቷ በፊት ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለሰፈር ደንበኞች እንደምታደርስ ነገረችን። ሒሳቡን ማን ይይዛል? እሷ። የት? ቦርሳዋን ከፍታ የሒሳብ ትምህርት ደብተሯን አወጣችና ከኋላ በኩል ገለጠችው፤ ስም፣ ቀን፣ የእንጀራ ብዛት፣ የተከፈለ፣ የቀረ በመስመር ተሰምሮ ተቀምጧል። ዱቤ ያለባቸው 11 ሰዎች ነበሩ። ከነሱ መካከል ሁለቱ ሁልጊዜ የሚያጓትቱ በመሆናቸው፣ ወር ከመድረሱ ሦስት ቀን አስቀድማ «እናቴ ጤፍ ልትገዛ ነው» ብላ እንደምታስታውሳቸው አጫወተችን። ኃላፊዋ ሳቀችና «እኔ መጋዘን ውስጥ የምፈልገው ይህንን ነው» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ስለ ቃለ መጠይቅ ምንም አላስተምርም። ተማሪዎቹ ካለፈው እሑድ እስከ እሑድ በቤታቸውና በሰፈራቸው የሠሩትን ሁሉ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጭምር ጽፈው ይመጣሉ። በዓመት በዓል ሰሞን በግ ለማሻሻጥ ገበያ የወጣ አለ፣ የአጎቱን የሞባይል ጥገና ሱቅ ከሰዓት በኋላ የሚይዝ አለ፣ የታመመች አያቷን መድኃኒት በሰዓቱ የምትሰጥ አለች። ችግሩ ልጆቻችን ሥራ አለመሥራታቸው ሳይሆን፣ ደመወዝ ያልተከፈለበትን ሥራ ከሥራ አለመቁጠራቸው ነው። እኛም አንቆጥርላቸውም፤ እኔ ራሴ ያችን ልጅ በማርፈዷ ሁለት ጊዜ ደጅ አቁሜያታለሁ።

ስለ ራስ መናገር ሌላው ፈተና ነው። በጨዋ ቤት ያደገ ልጅ ራሱን ማመስገን ነውር እንደሆነ፣ ታላቅ ሲናገርም ዓይን ዓይኑን ማየት ድፍረት እንደሆነ ተምሮ ነው የሚመጣው። አንዳንድ አሠልጣኞች ይህን ሁሉ «ዓይን አፋርነት» ብለው ሊያስጥሏቸው ሲሞክሩ አይቻለሁ፤ እኔ አልስማማበትም። የምሠራበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ጠያቂው ሲናገር እንደለመዱት አንገት ሰበር አድርገው ያዳምጣሉ፣ መልስ ሲሰጡ ግን ቀና ይላሉ፤ «እርስዎ» ማለታቸውንም አይተዉም። ራስን ስለማመስገን ደግሞ ቅጽል እንዳይጠቀሙ እከለክላቸዋለሁ። «ታታሪ ነኝ» ማለት ያፍራሉ፤ «በየቀኑ 60 እንጀራ አደርሳለሁ» ለማለት ግን የሚያፍር የለም፣ ምክንያቱም የሆነውን መናገር እንጂ ጉራ አይደለም። «ስለ ራስህ ንገረን» የሚለው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲመጣም ተሸምድዶ ከሚነበነብ አንቀጽ ይልቅ፣ አጫጭር የሆኑ አራት የራሳቸው ዓረፍተ ነገሮች እንደሚሻሉ በልምምድ አይተነዋል። አንዷ የተሸመደደችው ቃል ከጠፋች ሙሉው አንቀጽ አብሯት ይጠፋልና።

ያላሰብኩት ጉዳት ከሰዓት መጣ። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ የውጭ ዜጎች ከሚያስተዳድሩት ፋብሪካ «ቃለ መጠይቅዎ ማክሰኞ በ8:00 ነው» የሚል መልእክት ደረሰው። ልጁ ከምሳ በኋላ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ከስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ በሩ ላይ ተገኘ። ለካስ የተባለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኖሮ ቃለ መጠይቁ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተጀምሮ አልቋል። ጥበቃው እንኳ አላስገባውም። አሁን ማንኛውም ተማሪ የቀጠሮ መልእክት ሲደርሰው መልሶ ደውሎ «ጠዋት ነው ከሰዓት በኋላ?» ብሎ እንዲያረጋግጥ እናለማምዳለን። የስልክ አነጋገሩን ራሱን እንለማመዳለን፤ «ሃሎ ማን ልበል?» ብሎ የሚጀምር ደዋይ ብዙ ነው።

ሰነድን በተመለከተ በአጭሩ፦ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳና ትራንስክሪፕት ላይ ያለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉን ከመመረቃቸው በፊት እንዲያመሳክሩ አድርጉ። አንዱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ላይ በሁለት የተጻፈ ስም ሥራ ከተገኘ በኋላ ልጁን ለሳምንታት ያመላልሰዋል።

ዋስ ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። ገንዘብ ወይም ዕቃ በሚያስረክቡ የሥራ መደቦች፣ በገንዘብ ተቀባይነት፣ በሽያጭና በመጋዘን፣ አሠሪዎች ደሞዝተኛ ዋስ ይጠይቃሉ፤ ዋሱም ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ማቅረብ አለበት። ወላጆቹ በቀን ሥራ ወይም በጉልት የሚተዳደሩ ልጅ ቃለ መጠይቁን አልፎ እዚህ ላይ ይቀራል። ባለደብተሯ ልጅም አልፋ እዚህ ላይ ቆማ ነበርና ዋስ ሆንኳት። ቀጥሎ ለአንድ ወንድ ልጅ ሆንኩ። ሦስተኛው ሲመጣ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር የቀድሞዎቹ ሳይወርዱ ሌላ ደብዳቤ እንደማይጽፍልኝ ገለጸልኝ፤ ልክም ነበሩ። ባለቤቴም ጉዳዩን የሰማችው ከዚያ በኋላ ስለነበር በቤት ውስጥ የተነሳውን ውይይት እዚህ አልዘረዝረውም። አሁን «ዋስህ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት አነሳለሁ፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የዕድር አባል ማን ደሞዝተኛ እንዳለ ቀደም ብለው ከወላጆቻቸው ጋር እንዲነጋገሩ፣ ዋስ የሚሆነው ሰው ደግሞ የሚፈርምበትን የገንዘብ ጣሪያ እንዲያነብ እመክራለሁ።

በዜግነት ትምህርት መምህርነቴ በጣም የምደሰትበት ክፍል ሕጉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ክፍል ውስጥ እናነባለን። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል እንደሆነ፣ 18 ያልሞላው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊሠራ እንደማይገባው፣ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንደማይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የተፈረመ መግለጫ መስጠት እንዳለበት ተማሪዎቹ ሲያነቡ ክፍሉ ጸጥ ይላል። በተለይ ያስገረማቸው ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራ ዓይነቱን፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የማግኘት መብት ያለው መሆኑ ነው።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው እንሄዳለን። ማስታወቂያው 5,000 ብር ካለ እጅ ላይ የሚገባው ስንት ነው? ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ቀጣዩ 2,000 ብር በ15 በመቶ 300 ብር፣ የመጨረሻው 1,000 ብር በ20 በመቶ 200 ብር፣ በድምሩ 500 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ፣ ማለትም 350 ብር ነው፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል። የሚቀረው 4,150 ብር ነው። ይህን ካሰላን በኋላ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርትና ምሳ እንቀንሳለን። በዚህ ዓመት አንድ ተማሪ ቀንሶ ቀንሶ ሲያበቃ «መምህር፣ እኔ ለፋብሪካው እየከፈልኩ ልሠራ ነው እኮ» አለና ክፍሉን አሳቀው። ቢሆንም ስሌቱ ጥቅም ነበረው፤ ሰርቪስና ምሳ የሚያቀርብ ድርጅት በ500 ብር ያነሰ ቢከፍል እንኳ ሊሻል እንደሚችል ያወቀው ያን ዕለት ነው። «ስንት ደመወዝ ትፈልጋለህ?» ሲባልም «እንደ ድርጅቱ ደንብ» ከማለት ይልቅ ሰርቪስ መኖሩን ጠይቆ ቁጥር መጥራት ችሏል።

በሁለተኛው ዙር ሥራ ያገኙትን ስከታተል የተማርኩት ደግሞ፣ ፈተናው ከመቀጠር በኋላ እንደሚብስ ነው። አንድ ተማሪዬ በዘጠነኛው ቀን አለቃው ስለጮኸበት ብቻ ለማንም ሳይናገር ቀረ፤ የሠራበትን የዘጠኝ ቀን ሒሳብ እንኳ አልጠየቀም፣ እንደሚገባውም አያውቅም ነበር። ሌላዋ የአክስቷ ልጅ ሞቶ ለቅሶ ስትሄድ «ለቅሶ መሆኑ ይታወቃል» ብላ ሳትደውል ሦስት ቀን ቀረች። እኛ ዘንድ ለቅሶ ማንም የማይከራከርበት ምክንያት ቢሆንም፣ ፈረቃ የሚያሰላ ኃላፊ ግን ካልተነገረው በቀር ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ በዘንድሮው ዙር ሁለት ክፍለ ጊዜ ጨምሬ፣ ለመቅረት እንዴት እንደሚደወል፣ ለመልቀቅም እንዴት እንደሚጻፍ አለማመድኳቸው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበትም በዚያው ነገርኳቸው።

በ2018 ዓ.ም. ሁለት ነገር እለውጣለሁ። በአንደኛው፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከፈተናው ጋር ተወጥሮ ስለሚቀር ሥራውን ከ11ኛ ክፍል እጀምራለሁ። በሁለተኛው፣ ጠያቂ ሆነው የሚመጡትን እየለዋወጥኩ፣ ካለፉት ዙሮች ተቀጥረው የሚሠሩትን እጋብዛለሁ። ባለደብተሯ ልጅ አሁን በመጋዘን ረዳትነት ትሠራለች፤ እንድትመጣ ስጠይቃት መጀመሪያ ያነሳችው የዋስትናዬን ጉዳይ ነበር። «አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ ድርጅቱ በሌላ እንድተካዎት ፈቅዷል፣ አጎቴ ተቀጥሯል» አለችኝ። ደብዳቤው ከመጣ አንድ የዋስትና ቦታ ይለቀቅልኛል፤ ሦስተኛው ልጅም አሁንም ሥራ አላገኘምና፣ በዚህ ጊዜ ግን ባለቤቴን አስቀድሜ አማክሬያታለሁ።