ከዓመት በላይ በየቀኑ መሮጥ፦ ለኔ የሰራልኝ

ሰላም ሯጮች! ስትሪኩን (አንድም ቀን ሳይዘሉ በየቀኑ መሮጥን ማለቴ ነው) እንዴት አድርገሽ ነው ሳይቋረጥ የያዝሽው እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ አንዴ ሰብሰብ አርጌ ልፃፈው ብዬ ነው። የጀመርኩት ከታላቁ ሩጫ ማግስት ነው፣ ሆን ብዬ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ጥቅምት ላይ ከተማው በሙሉ ሯጭ ይሆናል፣ ጃንሜዳ ሞልቶ፣ የመስቀል አደባባይ ደረጃ ሞልቶ፣ ህዳር ላይ 10 ኪሎዋ ትሮጣለች ከዛ ቲሸርቷ ታጥባ ቁም ሳጥን ትገባለች፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኮንዲሽን ከዜሮ። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም ሲጀመር ኃይሌ ራሱ ሮጦ አሸንፏል፣ ኃይሌ ግን ኃይሌ የሆነው ከህዳር እስከ ህዳር በሰራው ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያርፍበት ሰኞ ጠዋት ጫማዬን አስሬ ወጣሁ፣ ይኸው ህዳር አልፎ ህዳር መጣ፣ እስካሁን አልተቋረጠም እግዚአብሔር ይመስገን።

ህጌ አንድ ነች። በቀን ቢያንስ አንድ ማይል፣ ማለትም 1.6 ኪሎሜትር፣ ሳልተኛ። አስፋልት ይሁን ኮሮኮንች ይሁን ጂም ውስጥ ትሬድሚል ይሁን ችግር የለም፣ ፍጥነትም አይቆጠርም። ከዛ በላይ የሮጥኩት ሁሉ ጉርሻ ነው። በብዛት የምሮጠው 5 ወይ 6 ኪሎ ነው፣ እሁድ ረዘም ይላል፣ ግን የቀኑ እዳ የሚከፈለው በ1.6 ነው።

ይቺን የአንድ ማይል ህግ እኔ አልፈጠርኳትም፣ ስትሪክ የሚይዙ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙባት ነች። ከነሱ በጣም የሚታወቀው ሮን ሂል የሚባለው እንግሊዛዊ ማራቶን ሯጭ ነው፣ በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 1964 እስከ ጃንዋሪ 2017 በየቀኑ ሮጧል፣ 52 ዓመት ማለት ነው! እግሩን ኦፕራሲዮን በተደረገ ጊዜ እንኳ በክራንች ማይሏን ጨርሷል (ይሄኛውን እኔ አላደርገውም፣ እናንተም እንዳታደርጉት)። ታሪኩን ሳነብ የገረመኝ ምን መሰላችሁ፣ ስትሪኩን ከመጀመሩ ሁለት ወር በፊት ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ማራቶን ሮጦ 19ኛ ወጥቷል፣ ያ ሩጫ ደግሞ የኛው አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው በ2:12:11 ገብቶ ሁለተኛውን ወርቅ የወሰደበት፣ ገብቶም ሳሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የታየበት ሩጫ ነው። ሂል ከዛ በኋላ በፈረንጆቹ 1970 የቦስተን ማራቶንን አሸነፈ። በየቀኑ መሮጥ የጎበዝ ሯጭ ነገር አይደለም ለሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ ይሄን ነው የማነሳላቸው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። ስትሪክ የሚያዘው ቀስ ብሎ በመሮጥ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የምኖረው ኮተቤ ነው፣ ሰፈሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዋናው መንገድ ዳር ሰርቪስ የሚጠብቁ አትሌቶች አይጠፉም፣ ወይ ሰንዳፋ ወይ ሱሉልታ ወይ እንጦጦ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ጠዋት እንጦጦ ባህር ዛፉ ውስጥ ከሰፈር ልጆች ጋር ዱብ ዱብ እያልን አገኘናቸው። አስራ ምናምን ይሆናሉ፣ በአንድ መስመር ተሰልፈው በዛፎቹ መሀል ዚግዛግ ይሄዳሉ፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ተረከዝ እያየ፣ መሪው ወደ ግራ ሲታጠፍ ሁሉም ወደ ግራ፣ ጉቶ ሲዘል ሁሉም ተራ በተራ እዛው ቦታ ላይ ይዘላል። የሚሰማው የደረቀ ቅጠል ሲረገጥ ብቻ ነው። ፍጥነታቸው ግን በጣም ቀስ ያለ ነበር፣ እኛ ራሱ አልፈናቸው መሄድ እንችል ነበር። ማራቶን በኪሎሜትር 3 ደቂቃ ገደማ የሚሮጡ ሰዎች እኮ ናቸው! በኋላ ከመሀላቸው አንዷን፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፣ ምነው እንዲህ ቀስ ትላላችሁ ብዬ ስጠይቃት «ዛሬ እኮ የወጣነው ለእግራችን ነው፣ ነገ አስፋልት ላይ ፍጥነት አለብን» አለችኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ በሳምንት ውስጥ አብዛኛውን ቀን የምሮጠው ለእግሬ ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ እንደሆነች አትርሱ፣ እዚህ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፣ እንጦጦ ስትወጡ ከ3,000 ያልፋል፣ ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ ውጭ ሀገር ያለ ሰው የሚሮጥበትን ፔስ (አንዱን ኪሎሜትር በስንት ደቂቃ እንደሚሮጥ) እያሳየ ሊያስደነግጣችሁ አይገባም። የኔ መለኪያ መዝሙር ነው። እየሮጥኩ በለሆሳስ ማንጎራጎር ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው፣ እቀንሳለሁ፣ ዳገት ላይ ካስፈለገ እንደ እርምጃ ይሆናል ሶምሶማዋ፣ ችግር የለውም።

አትሌቶቹ እሁድ ያርፋሉ እኮ የሚለኝ ሰው አለ። ልክ ነው፣ ብዙዎቹ ያርፋሉ፣ ግን እነሱ በሳምንት የሚሮጡት እኛ በወር የማንሮጠውን ነው። ለኛ ዓይነቱ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው በጣም ቀስ ያለች አንድ ማይል ራሷ እረፍት ነች ብዬ ነው የማምነው፣ እግር ይፈታታል፣ እንቅልፍ ይመጣል። በሳምንት ሁለት ቀን ከዚች ማይል አላልፍም፣ ደስ እያለኝ እንኳ።

ስራዬ ባንክ ነው፣ ሂሳብ ክፍል፣ ሂሳብ መዝጊያ ሰሞን ምን ማለት እንደሆነ የገባው ይገባዋል። ማታ 4 ሰዓት ነው ቤት የምደርሰው፣ በዛ ሰዓት ሴት ልጅ ብቻዋን መንገድ ላይ አትሮጥም። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ብሎኮቹን እዞራለሁ። መብራት ሲጠፋ ዘበኛችን ጋሼ ባትሪያቸውን ይዘው 7ኛው ብሎክ ጥግ ይቆሙልኛል፣ እዛጋ የቱቦው ክዳን ተሰርቆ ክፍት ስለሆነ። እኔ በደረስኩ ቁጥር መሬቱን ያበሩልኛል፣ «ስንት ቀረሽ?» ይላሉ፣ «ሁለት ዙር ጋሼ» እላለሁ፣ ከዛ ባትሪ ለመቆጠብ ያጠፉታል። እውነት ለመናገር የሰኔን ስትሪክ ግማሹ የሳቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ አብራኝ አለች፣ ብቻዬን ብሆን ለከፋውም ውሻውም ያሰለቸኝ ነበር፣ ሴቶች ከተቻለ ሁለት ሆናችሁ ጀምሩ።

ፆም ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነገር ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ 9 ሰዓት ድረስ እህል ውሃ ሳይቀመስ፣ ስለዚህ ጠዋት መሮጤን ትቼ ወደ ማታ አዞርኩት፣ 9 ሰዓት ላይ ፆሜን እፈታለሁ፣ ከስራ ስወጣ እሮጣለሁ፣ ስገባ በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ ከዛ ሽሮ ወይ ምስር። ሙስሊም ጓደኛዬ ረመዳን ላይ ከማፍጠሪያ በፊት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው የምትወጣው፣ ልክ ስትመለስ አዛን ይላል፣ ወዲያው ውሃዋን ታገኛለች፣ ጥሩ ዘዴ ነው። የከበደኝ ሩጫው ሳይሆን የስቅለት ስግደት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲሰገድ ተውሎ ቅዳሜ ጭንና ባት እሳት ነው የሚሆነው፣ በዛ ቀን ማይሏን በጣም በጣም ቀስ ብዬ ነው የጨረስኳት። አክፍሎት የያዘ ሰው ግን እንዲሮጥ አልመክርም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ መሮጥ ጉዳት ነው፣ ስትሪክ ከዛ አይበልጥም።

ክረምት ላይ ችግሩ ዝናቡ አይደለም፣ ጫማ አለመድረቁ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ የረጠበ ጫማ ሁለት ቀን ቢቆይም አይደርቅም። እኔ ሁለት ጫማ አለኝ፣ አንዱ ደህና የመርካቶ ሰልባጅ ነው፣ እቀያይራለሁ። ስገባ የውስጡን ሶል አወጣለሁ፣ ጋዜጣ ጨምድጄ እስከ ጫፍ ድረስ እጠቀጥቃለሁ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያ ጋዜጣ ይረሰርሳል፣ አውጥቼ በደረቅ እቀይራለሁ፣ ጠዋት ደህና ይሆናል። ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፣ ማጣበቂያው ይለቃል። ሰልባጅ ስትገዙ ደግሞ ከላይ ያለውን አትዩ፣ ገልብጡና ተረከዙ በአንድ በኩል ተበልቶ እንደሆነ እዩ፣ መሀሉን በአውራ ጣት ተጫኑት፣ ድንጋይ ከሆነ ያ ጫማ አልቆለታል። የሩጫ ጫማ በጥቅሉ ከ500 እስከ 800 ኪሎሜትር ነው ዕድሜው።

ለቅሶ ሄጄ ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር ያደርኩ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ገጠር ውስጥ በጠዋት የሚሮጥ ሰው መርዶ ይዞ ነው የሚታሰበው፣ አንዲት እናት ከበረት ብቅ ብለው ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው «ምነው ልጄ ምን መጣ?» አሉኝ ደንግጠው። ቆሜ «ደህና ነው እማማ፣ ለጤና ነው የምሮጠው» አልኳቸው። «እንዲያ ነው? እግርሽን ይባርክልሽ» ብለው እስክርቅ ድረስ ቆመው አዩኝ። ከዛ በኋላ ገጠር ስሄድ ማታውኑ ለቤቱ ሰዎች ነገ ጠዋት እሮጣለሁ ብዬ እናገራለሁ፣ እነሱ ለጎረቤት ይነግራሉ፣ ማንም አይደነግጥም።

ስለ ህመም አንድ ነገር ልበል፣ ጠበቅ አርጌ። ልብና ሳንባ ሩጫን ቶሎ ይለምዳሉ፣ አጥንትና ጅማት ግን ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት፣ ለዚህ ነው በሁለተኛው በሦስተኛው ወር ትንፋሽ ሲመቻች ቅልጥም መታመም የሚጀምረው። ቅልጥሙ በረጅሙ ሰፋ ብሎ የሚያምና ሲሞቅ የሚተው ከሆነ እቀንሳለሁ፣ ከአስፋልት ወደ አፈር እወርዳለሁ። በአንድ ጣት ስትጫኑት አንድ ቦታ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚያም ከሆነና ቆማችሁም ተኝታችሁም ካልተወ ግን አጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል፣ በዛን ቀን ስትሪክ የለም፣ ሐኪም ጋ ነው። ትኩሳትም ደረት ህመምም እንደዛው። ሮን ሂል ራሱ 52 ዓመት ይዞ፣ ማይሏ ላይ ደረቱን ሲያመው ያቺን ቀን ጨርሶ በማግስቱ አቆመ። እሱ ካቆመ ማናችንም ማቆም እንችላለን።

የምመዘግበው ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ነው፣ የኛው ባለ 13 ወሩ። አፑን እጠቀማለሁ ግን ስልክ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ካላንደር ግን ሁሌ አለ። ቀኑ ላይ ኪሎሜትሩን እፅፋለሁ፣ ከጎኑ ስለ እግሬ አንድ ቃል፣ «ቀላል»፣ «ደረቅ»፣ «ባት»። ሶስት ቀን ተከታትሎ «ባት» ካየሁ የሚቀጥሉት ቀናት አንድ ማይል ብቻ ይሆናሉ። ጳጉሜን በጣም ነው የምወዳት፣ አምስት ቀኗ በአንዴ ትሞላለች።

ለውጡን ለምትጠይቁኝ፣ በፊት ከእንጦጦ ስመለስ ሁለት ቀን ደረጃ መውረድ ያቅተኝ ነበር፣ አሁን ከሰዓት ገበያ እሄዳለሁ። ጠዋት ስነሳ የልብ ምቴ ወርዷል። ከሁሉም በላይ ዛሬ ልሩጥ አልሩጥ የሚለው ክርክር ከጭንቅላቴ ወጥቷል፣ ጥያቄው መቼ የሚል ብቻ ነው የቀረው፣ ይሄ ነገር ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የያዘው ሰው ያውቀዋል።

ከጥር ጀምሮ የእሁዱን ረጅም ሩጫ ሱሉልታ ሜዳው ላይ ላደርገው አስቤያለሁ፣ መሬቱ ለእግር ምቹ ነው። ከኮተቤ፣ ከመገናኛ፣ ከሲኤምሲ አካባቢ መምጣት የምትፈልጉ ካላችሁ ታክሲውን ተካፍለን እንሄዳለን፣ ፔሳችን በጣም ቀስ ያለ ስለሆነ ጀማሪም ይምጣ። ሱሉልታን የምታውቁት ደግሞ በጠዋት ውሻ የማይበዛበት በየት በኩል እንደሆነ ንገሩኝ።