በእጅ የሚሰጥ የይለፍ ቃል

ሰኞ ጠዋት ለአዲስ ገቢ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስለ ቤተ መጻሕፍታችን ገለጻ አደርጋለሁ። ይህን ገለጻ ማዘጋጀት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ የዘንድሮው ግን ሁለት ምሽት ተቀምጬበትም አላለቀልኝም። ከአምናው ስላይድ ላይ የሕንፃውን ፎቶግራፍ፣ የመጻሕፍቱን ብዛትና የመዋቅሩን ሰንጠረዥ አውጥቼ ጥያለሁ፤ በምትኩ የሚገባውን እያሰብኩ ነው።

ካታሎግ ክፍል 6 ዓመት ከሠራሁ በኋላ የአገልግሎት ማስተዋወቅና ተደራሽነት የሚባለው መደብ ሲሰጠኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ቅጣት ነበር የቆጠርኩት። መጽሐፍ ሲመድብ የኖረ ሰው በስተእርጅና ለፋፊ ይሁን? ቤተ መጻሕፍት ሱቅ ነው እንዴ? ኮትለርና ሌቪ የተባሉት ምሁራን ማርኬቲንግ ሳሙናና ብረት ለሚሸጡ ብቻ ሳይሆን ለትርፍ ላልቆሙ ተቋማትም እንደሚያገለግል እ.ኤ.አ. በ1969 የጻፉትን ያነበብኩት ከብዙ ኩርፊያ በኋላ ነው። ከዚያም ይልቅ ያሳፈረኝ ራንጋናታን ነው። ይህ ሕንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1931 ካሳተማቸው አምስት ሕጎች ሦስተኛው ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው ይገኝለት የሚል ነው፤ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና በቃሌ ወጥቼዋለሁ፣ ካታሎግ ክፍል ሳለሁ ግን መጽሐፉ ቁጥር ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ከወጣ ሥራው ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ከውጭ መማሪያ መጻሕፍት ባገኘሁት ምክር መሠረት ተማሪውን ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚጋብዝ ባለ ቀለም ፖስተር አሳትሜ በየካፌውና በየዶርሙ ደጃፍ አስለጠፍኩ። አንዱን በራችን ላይ ስለጥፍ የጥበቃው ልጅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «ጋሼ፣ መቀመጫ የለም እኮ፤ ማንን ነው የሚጠሩት?» አለኝ። እውነቱን ነው። በፈተና ሰሞን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አንዱ ተማሪ ገብቶ በአራት ወንበር ላይ አራት ደብተር አስቀምጦ ለጓደኞቹ ቦታ ይይዛል፤ ሁሉም የሚያነቡት ግን ከቤት ያመጡትን ሃንድአውት ነው፣ ከጀርባቸው ያለውን መደርደሪያ ዞሮ የሚያይ የለም። ፈረንጆቹ የሚጨነቁት ስለ ባዶ አዳራሽ ነው፤ የእኛ አዳራሽ ሞልቶ መጽሐፉ ብቻውን ቀርቷል።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ እንኳ ዋናውን ስህተቴን ያሳየችኝ አንዲት የሕብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን ምንጮች አብረን ስናይ አንደኛው የጥናት ጽሑፍ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ ዋሽንግተን የሚኖረው ወንድሟ ሠላሳ ምናምን ዶላር በካርዱ ከፍሎ በኢሜይል እንደላከላት ነገረችኝ። ጽሑፉን በሂናሪ ፈለግኩት። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ይህ የጤና ጥናት ጽሑፎችን በኢንተርኔት የሚያቀርብ አገልግሎት እንደ እኛ ላሉ ተቋማት ክፍያ የለውም፤ ጽሑፉም ወዲያው ወረደ። ልጅቷ ስክሪኑን፣ ቀጥሎም እኔን አየችና፣ «ጋሼ፣ እዚሁ ነበር?» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

የሂናሪ መግቢያ የይለፍ ቃል መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፣ ታጥፎ፣ ማኅተም ካለበት ደብዳቤ ሥር። ከሂናሪ ጋር ባለን ስምምነት መሠረት የይለፍ ቃሉ ከተቋሙ ሰዎች ውጭ ለማንም አይሰጥም፣ በአደባባይም አይለጠፍም። ይጠበቅ የተባለውን እኔ ይደበቅ ብዬ ተረጉሜው ኖሬአለሁ። ለካ እንዲህ ያለው ነገር በፖስተር ስለማይነገር፣ ማስተዋወቅ ማለት አንድ በአንድ በእጅ ማድረስ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ፖስተር አላሳተምኩም። የምርምር ዘዴ ኮርስ ከሚሰጡ መምህራን 20 ደቂቃ እየለመንኩ ክፍል እገባለሁ፤ ቴሌግራም ላይ መታወቂያቸውን ይዘው እንዲመጡ ብቻ እጽፋለሁ፤ ለመጣው የይለፍ ቃሉን በትንሽ ወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ። ኤሌክትሮኒክ ሪሶርስ የሚለውን ቃል ትቼ ሙሉ ጽሑፉን በነጻ ማውረጃ ማለት ስጀምር የሚመጣው ሰው በዛ። በዓመታዊ ሪፖርቱ ግን እስከ ዛሬ የምጠየቀው የታተመውን ብሮሹር ብዛት ነው፤ ዜሮ ብዬ በጻፍኩ ቁጥር አለቃዬ ቅር ይለዋል።

ስላይዱን አሁን ወደ አራት አውርጄዋለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ ሊያጠና ያሰበውን ርእስ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጠኛል፤ ሦስቱን አንሥቼ እፊታቸው እፈልጋለሁ። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ስሞክር ሁለተኛው ርእስ ላይ መብራት ሄዶ በእጄ ወረቀት እንደያዝኩ ቀርቻለሁ፤ ስለዚህ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ሰውዬ ሰኞ ጠዋት ተረኛ መሆኑን ነገ መጠየቅ አለብኝ።