ፎርማት ከማስደረጌ በፊት፦ የአክስቴን ስልክ ሎግ እንዴት እንዳነበብኩት

ጎንደር ላይ ስልክ ይዛችሁ ጥገና ቤት ገብታችሁ «አፑ ራሱ እየተዘጋ አስቸገረኝ» ብትሉ፣ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት የመጀመሪያ መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። በጠጋኞቹ አልፈርድም። ወረፋ አለባቸው፤ ፎርማትም ቢሆን ብዙ ችግር ያቃልላል። ግን የሚያጠፋው ፎቶውን ብቻ አይደለም። ስልኩ ምን እንደገጠመው ራሱ የመዘገበውንም፣ ሎግ የሚባለውን፣ ጠራርጎ ይወስደዋል። ብልሽቱ የዕቃ ከሆነ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ የሚነበብ ነገር የለም።

አክስቴ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ፤ ከደንበኞቻቸው ብዙዎቹ የሚከፍሏቸው በስልክ ነው። የቃና ዘገሊላ ዕለት ቤት ስንገናኝ ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛ፣ የባንክ አፑ ይከፈትና ወዲያው ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ስልኩ አልፎ አልፎ ራሱ ጠፍቶ ራሱ ይነሳል። ጥር 11 ባሕረ ጥምቀቱ ላይ የጸበሉን ርጭት ሊቀርጹ ካሜራውን ሲከፍቱ እጃቸው ላይ ጠፋባቸው።

«ፎርማት ይደረግ ተብያለሁ፤ የልጄ የሠርግ ፎቶ ግን እዚያው ውስጥ ነው» አሉኝ።

«እቴቴ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነበር የጠፋው?»

«ሁለት ሰዓት ገደማ ነዋ፣ ልጄ።»

እኔ የስልክ ጠጋኝ አይደለሁም፤ ሥራዬ የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮችን መንከባከብ ነው። ኮምፒውተር ሲበላሽ መጀመሪያ የማየው ሎጉን ስለሆነ በስልኩም እንደዚያው አደረግሁ። ከሁሉ በፊት ግን ፎቶዎቹን ወደ ላፕቶፕ ገለበጥኩ። ይህ ሳይደረግ ምንም አይነካም።

የአንድሮይድ ስልክ ሎግ ለማየት መጀመሪያ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚባለው ክፍል መከፈት አለበት። ከአንድሮይድ 4.2 ጀምሮ ተደብቋል። ሴቲንግ ውስጥ አባውት ፎን ገብታችሁ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ስትነኩት ይከፈታል፤ እዚያ ውስጥ ኮምፒውተር የስልኩን ውስጥ እንዲያይ የሚፈቅደውን ዩኤስቢ ዲበጊንግን ታበራላችሁ። ላፕቶፑ ላይ ኤዲቢ የሚባለው፣ ከኮምፒውተር ሆኖ ስልኩን ለማዘዝ የሚያገለግለው የጉግል ነጻ መሣሪያ ይጫናል። አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ በፍላሽ ይዞ መዞር ይቻላል። ስልኩን በገመድ ስታገናኙት ለዚህ ኮምፒውተር ዩኤስቢ ዲበጊንግ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቃል፤ እሺ ካላላችሁት ምንም አያሳይም። ገመዱን በተመለከተ ደግሞ፣ በርካሽ ከሚገዙት ብዙዎቹ ቻርጅ ብቻ ናቸው፣ ዳታ የሚያስተላልፈው ሽቦ የላቸውም። ላፕቶፑ ስልኩን አላይ ካለ ድራይቨር ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት ገመድ ቀይሩ።

ሎጉን የሚያሳየውን፣ ሎግካት የሚባለውን ትእዛዝ በኤዲቢ ስትሰጡ ስክሪኑ በጽሑፍ ይጥለቀለቃል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። እያንዳንዱ መስመር የክብደት ደረጃውን የሚያሳይ ፊደል አለው፤ «ኢ» የሚለው ስሕተት፣ «ኤፍ» የሚለው ከባድ ውድቀት ነው። ግን «ኢ» ስላያችሁ አትደንግጡ፤ ደህና ስልክም ቀኑን ሙሉ ሲጽፈው ይውላል። ስለዚህ «ኢ» ያለበትን መስመር ሁሉ አላሳደድኩም። የፈለግሁት «ፌታል ኤክሴፕሽን» የሚለውን ነው፤ አፑ ወድቆ ሲዘጋ የሚጻፈው እሱ ነው። «ኤኤንአር» የሚል ካያችሁ ሌላ ጉዳይ ነው፦ አፑ አልሞተም፣ ለንክኪ 5 ሰከንድ ያህል መልስ መስጠት አቅቶት ደንዝዟል። በተለምዶ «ሃንግ አደረገ» የምንለው እሱን ነው።

ሎግካት አንድ ድክመት አለው። መዝገቡ ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ አዲሱን ይጽፋል፤ ስልኩ ጠፍቶ ሲነሳም ባዶ ይሆናል። ራሱ የሚጠፋ ስልክ ላይ ታዲያ ብዙም አይጠቅምም። ለዚህ የረዳኝ አንድሮይድ ውስጥ ያለው ድሮፕቦክስ ነው (ፋይል ማስቀመጫው ድሮፕቦክስ አይደለም፣ ስማቸው ነው የገጠመው)። ስልኩ የአፕ ውድቀትን፣ የሲስተም ውድቀትንና እንደገና መነሳትን እዚያ በፋይል ያስቀምጣል፤ ጠፍቶ ቢነሳም ይቆያል። ያም ቢሆን ዘላለም አይኖርም። አንድሮይድ እንደተሠራ የሚያቆየው 3 ቀን ነው። አክስቴ ጥር 12 ባይነግሩኝና ሳምንት ቢቆዩ ኖሮ የጥምቀቱን ማስረጃ አላገኘውም ነበር።

ደምፕሲስ ድሮፕቦክስ በሚለው ትእዛዝ ዝርዝሩን ሳወጣ መጀመሪያ የፈለግሁት ሰዓቱን ነው። ስልኩ ሎግ የሚጽፈው በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። አክስቴ «ሁለት ሰዓት» ያሉት ጠዋት ከሆነ 08 ላይ ነው የሚገኘው፤ ማታ ከሆነ 20 ላይ፤ በፈረንጅ 2 ሰዓት ብዬ ብፈልግ ኖሮ የማገኘው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሁሉም ተኝቶ ሳለ የተጻፈውን ነው። ጥር 11 ደግሞ 01-19 ሆኖ ተጽፏል። መልሼ «ጠዋት ነው ማታ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ» አሉ። እኔ ከዚህ ሥራ ትልቁ ትምህርት የምለው ይህንኑ ነው፦ የሰውየውን ሰዓት ከስልኩ ሰዓት ጋር ሳታስታርቁ አንድም መስመር አታንብቡ። ካልሆነ በሺህ ከሚቆጠሩት መስመሮች መካከል ለጥርጣሬያችሁ የሚመች አንድ አይጠፋም፣ እሱን ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

የባንክ አፑ ነገር በቶሎ ተፈታ። የውድቀቱ መዝገብ ረጅም ነው፤ ላይኛው መስመር አፑ እንደወደቀ ብቻ ይናገራል። መነሻውን ለማግኘት ወደ ታች ወርዶ «ኮዝድ ባይ» የሚለውን፣ ከአንድ በላይ ከሆነም የመጨረሻውን ማየት ነው። እዚያ የነበረው «ኤስኪውላይት ፉል ኤክሴፕሽን፣ ኮድ 13» ነው፤ መጻፊያ ቦታ የለም ማለት ነው። የአፑ ጥፋት አልነበረም። ስቶሬጁን ሳየው ከአፋፍ እስከ አፋፉ ሞልቷል፤ አብዛኛው ከቴሌግራም ቻናሎች የወረደ ቪዲዮ ነው። ቴሌግራም ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ገብቼ ካሹን፣ ማለትም ስልኩ ላይ አውርዶ ያስቀመጠውን ቅጂ፣ አጠፋሁት። መልእክቶቹ እዚያው ናቸው፤ ቪዲዮውን መልሰው ማየት ከፈለጉ ከሰርቨሩ ይወርዳል። አፑ በዚያው ተስተካከለ።

የሞተው አፕ ሁልጊዜ በራሱ ጥፋት አይሞትም። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ የብዙ ሰው አንድሮይድ ስልክ ላይ ጂሜይልን ጨምሮ በርካታ አፖች በአንድ ጊዜ ይዘጉ ጀመር። ጥፋቱ የተገኘው አፖቹ ድረ ገጽ ለማሳየት በጋራ የሚጠቀሙበት ዌብቪው የሚባለው የጉግል ክፍል ላይ ነበር፤ ጉግል ዌብቪውንና ክሮምን አድሶ ነው የፈታው። አንድ አፕ ብቻ ሲወድቅ አፑን ጠርጥሩ፤ የማይዛመዱ አፖች አብረው ሲወድቁ ግን የሚጋሩትን ነገር ፈልጉ፦ ቦታ፣ ራም፣ ወይም እንዲህ ያለ የሲስተም ክፍል።

ራሱ የመጥፋቱ ጉዳይ ግን ጊዜ ወሰደ። ድሮፕቦክስ ሁለት የሚመሳሰሉ ምልክቶች አሉት። «ሲስተም ሪስታርት» ከሆነ ስልኩ ኃይል አላጣም፤ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ወድቆ እንደገና ተነሥቷል። «ሲስተም ቡት» ከሆነ ከዜሮ ተነሥቷል። የአክስቴ ስልክ ላይ በጠፋባቸው ሰዓት የነበረው «ሲስተም ቡት» ነው፤ ከእሱ በፊት በነበሩት ደቂቃዎች የሲስተም ውድቀት የሚል ምንም አልነበረም። ያኔ ነው ባትሪውን መጠርጠር የጀመርኩት።

ለማረጋገጥ ስልኩን ከላፕቶፕ ጋር አያይዤ ካሜራውን ደጋግሜ ከፈትኩ። አልጠፋም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ገመዱ ቻርጅ ያደርገዋል፣ የደከመ ባትሪ ደግሞ ሲደገፍ ችግሩን ይደብቃል። አንድሮይድ 11ና ከዚያ በላይ ለሆነ ስልክ መፍትሔ አለው፤ ዋየርለስ ዲበጊንግ ይባላል። ስልኩና ላፕቶፑ አንድ ዋይፋይ ላይ ሆነው በሚታየው ቁጥር ይጣመራሉ፤ ዋይፋዩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ይሠራል። ሎጉ ወደ ላፕቶፑ እየፈሰሰ ካሜራውን በፍላሽ መብራት ስከፍተው ስልኩ ድርግም አለ። የመጨረሻዎቹ መስመሮች ካሜራው መከፈቱን ይናገራሉ፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ተቋረጠ። በወግ የሚጠፋ ስልክ እየተዘጋጀ መሆኑን ይጽፋል፣ አገልግሎቶቹን አንድ በአንድ ይዘጋል። እዚህ አንዳቸውም የሉም። ደምፕሲስ ባተሪ የሚለው ትእዛዝም ቮልቴጁ ካሜራው በተከፈተ ቁጥር ቁልቁል እንደሚወርድ አሳየኝ፤ ፐርሰንቱ ግን ገና ከግማሽ በላይ ነኝ ይል ነበር። ፐርሰንት ግምት ነው፤ ያረጀ ባትሪ ብዙ ኃይል ባንዴ ሲጠየቅ መሸከም ያቅተዋል።

ይህን ይዤ ፒያሳ ወዳለ ጠጋኝ ሄድኩ። «ፎርማት አይደለም፣ ባትሪ ቀይርልኝ» አልኩት፤ ሎጉን ሲያይ ሳይከራከር ቀየረው። ከዚያ በኋላ ድሮፕቦክሱን ስመለከት የቀረው «ሲስተም ቡት» አክስቴ እሑድ ለቅዳሴ አጥፍተው ያበሩበት ብቻ ነው።

አይፎን ያላችሁ ኮምፒውተር እንኳ አያስፈልጋችሁም። ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ አናሊቲክስ ኤንድ ኢምፕሩቭመንትስ፣ ከዚያ አናሊቲክስ ዳታ ብትገቡ መዝገቡን በስም ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። በአፕ ስም የተጻፈው የዚያ አፕ ውድቀት ነው። «ጄትሳም» የሚለው ራም ሲያንስ ሲስተሙ አፖችን እንዳስወጣ ይናገራል፤ ብልሽት አይደለም፣ ዝለሉት። «ፓኒክ ፉል» ከሆነ ግን ስልኩ ራሱ ነው የወደቀው። በየ3 ደቂቃው ራሱ የሚነሳ አይፎን ላይ ውስጡ «ተርማል ሞኒተር» እና «ሚሲንግ ሰንሰር» የሚል ከተገኘ፣ ስልኩ አንዱን ሰንሰር ማግኘት አልቻለም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰንሰሩ የሚገኘው የቻርጅ መሰኪያው ሪባን (ጠፍጣፋ ቀጭን ገመድ) ላይ ነው። የአጎቴ ልጅ አይፎን እንዲሁ ነበር፤ ቦርዱ ተቃጥሏል ተብሎ ሳለ መሰኪያው ሲቀየር ዳነ።

አንድ ነገር ግን ሳትጠነቀቁ አታድርጉ። ባግ ሪፖርት የሚባለው አማራጭ ሁሉንም ሎግ በአንድ ዚፕ ፋይል ጠቅልሎ ያወጣዋል፤ ብዙ ሰው እሱን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፎ «ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ውስጡ የኢሜይል አድራሻ፣ የዋይፋይ ስም፣ የጫናችኋቸው አፖች ዝርዝር ሊኖር ይችላል። እኔ ለጠጋኙ ያሳየሁት የሚያስፈልጉትን መስመሮች ብቻ ቀድቼ ነው። ዩኤስቢ ዲበጊንጉንም ስልኩን ከመመለሴ በፊት አጠፋሁት፣ ላፕቶፔ የተሰጠውን ፈቃድም ሰረዝኩ፤ ገበያ መሃል ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ስልክ ላይ ያን በር ክፍት መተው አይገባም።