ደቦ ያለ ጠላ

ጀርመን በገባሁ በ12ኛው ዓመቴ የአትክልት ቦታ ደረሰኝ። «ደረሰኝ» የምለው ኮንዶሚኒየም እንደሚደርሰው ነው፤ ተመዝግቤ አራት ዓመት ጠብቄያለሁ። ክላይንጋርተን ይሉታል። የከተማ ዳር መሬት ይሸነሸንና ጓሮ ለሌለው የፎቅ ነዋሪ በዓመት ኪራይ ይሰጣል። እንደ ፈረንጆቹ በ1983 የወጣ ሕግ አለው። አንዱ ቦታ ከ400 ካሬ ሜትር፣ ጎጆው ደግሞ ከ24 ካሬ መብለጥ የለበትም። መኖሪያ ማድረግ ክልክል ነው። ሲሶው የግድ ለአትክልትና ፍራፍሬ መዋል አለበት። ሣር ብቻ አልምቼ ልጋደምበት ብትል የማኅበሩ ሊቀመንበር በሜትር ይመጣብሃል።

የእኔዋ 280 ካሬ ናት። ስለሷ ማማረር የጀመርኩት ገና ቁልፏን በተቀበልኩ ሳምንት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ባሕር ዳር ሄድኩ። አጎቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ጣና ዳር ሽንኩርትና ጎመን ያለማል። መሬቱ ባሕር ሸሽ ነው። ክረምት ሐይቁ ይሞላና ይውጠዋል። ከጥቅምት ወዲያ ውሃው ሲያፈገፍግ እሱና ጎረቤቶቹ ጭቃውን ተከትለው ይዘራሉ።

«ድንበርህ የቱ ጋ ነው?» አልኩት።

አራት የባሕር ዛፍ ችካል አሳየኝ። አንደኛው አዘምሟል፤ ጫፉ ላይ ውሃው ትቶት የሄደ አረም ደርቆ ተጠምጥሞበታል። «ይሄኛው አምና እዚህ አልነበረም» አለ ጮክ ብሎ። ሁለት ሜትር ርቆ የሚኮተኩተው ጎረቤቱ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ጥር ላይ ምን ደመና አለ?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። እኔም ከዳር ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር የእኛ ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ መሰለኝ፤ ያው ውሃ፣ ያው ድንበር፣ ያው «እገሌ ሳይከፍል ይጠቀማል»። የሞተር ነዳጅ ተወደደ። ደላላው ሽንኩርቱን ማሳ ላይ እያለ በርካሽ ይጠይቃል። ከዚያ የጉማሬው ነገር ተነሣ። በዋዜማው ሌሊት ከውሃው ወጥቶ የአንዷን ሴትዮ ጎመን ግጦ አድሯል። ሄጄ አየሁት። ኮቴው የወጥ ሳህን ያህላል። አራት ጣቱ ቁልጭ ብሎ ታትሟል፤ ውስጡ ውሃ አቁሯል። የእኔ ጠላት ቀንድ አውጣ ነው፤ ማታ ማታ በባትሪ እየፈለግኩ እለቅማለሁ ብላቸው ሳቁብኝ።

እምቦጭ ሲነሣ ግን የሳቀ የለም። ክፉኛ የተመታው ሰሜኑና ምሥራቁ ዳር ነው፤ ደንቢያና ፎገራ በኩል። ቢሆንም ሁሉም ዓይኑ ውሃው ላይ ነው። ሙቀትና ምግብ ካገኘ በሁለት ሳምንት እጥፍ የሚሆን አረም ነው። ምግቡ ደግሞ ከየማሳው ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያ ጭምር ነው፤ ይሄን ስናገር የአጎቴን የዩሪያ ከረጢት ላለማየት ታገልኩ። እንደ አዋቂ «ለምን ኮምፖስት አታደርጉትም?» አልኩ። «ዘሩስ?» አለኝ አንድ ወጣት። እውነቱን ነው። ክምሩ በደንብ ካልጋለ ዘሩ አይሞትም፤ ከዚያ ዓመታት ቆይቶም ይበቅላል። ዝም አልኩ።

ማታ አጎቴ ስለ ማኅበራችን ጠየቀኝ። የጋራ ሥራ እንዳለን ነገርኩት። መንገድ እንጠርጋለን፣ አጥር እንከረክማለን፤ የቀረ ሰው በሰዓት 15 ዩሮ ይቀጣል።

«ደቦ ነዋ!»

«ደቦ ነው።»

«ጠላውን ማን ይጠምቃል?»

«ጠላ የለም። ሁሉም የየራሱን ዳቦ ይዞ ይመጣል።»

አብረውን የነበሩ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «እግዚአብሔር ያውጣሽ ልጄ» አሉኝ። የምራቸውን ነበር።

እኔም እንዲያዝኑልኝ ነው መሰለኝ፣ ከተማው ቦታችንን ለቤት ግንባታ ሊወስደው ነው የሚል ወሬ እንዳለ ጨመርኩ። አጎቴ ካሳ እንዳለው ጠየቀ። አለው፤ ለተከልኩትም ለጎጆዋም ይከፈላል፣ ከተማው ምትክ ቦታም የማቅረብ ግዴታ አለበት አልኩ። ኪራይ ውሉ ቤቴ ፋይል ውስጥ ነው። እሱ ችካሎቹ አሉት። ጥቂት ዝም አለና የኩራዙን ክር ከፍ አደረገ፤ መብራት ጠፍቶ ነበር።

መስከረም ላይ ደወልኩለት። በዚያው ቀን ከሊቀመንበሩ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር፦ የአጥር ተክልሽ ከተፈቀደው በ10 ሴንቲ ሜትር በልጧል፣ በ14 ቀን ውስጥ ይከርከም። እየተረጎምኩ አነበብኩለት። መጀመሪያ አላመነኝም። ከዚያ ሳቁ ስልኩን ሞላው።

«የአንተ ድንበርስ?» አልኩት።

«አሁን ዓሣ እየዋኘበት ነው» አለ። «ኅዳር ላይ ያንን ሊቀመንበርሽን ከነሜትሩ ላኪልኝ። ከዚህ ጎረቤቴ ጋር ይገላግለኛል።»