ባላሳራስዋቲን እያሰብኩ

ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ ባላሳራስዋቲ ላይ ነው። ታክሲ ስጠብቅም፣ ማታ ሽሮ እያማሰልኩም እሷው ትመጣብኛለች። ባላሳራስዋቲ ደቡብ ህንድ ውስጥ፣ ያኔ ማድራስ በሚሏት በዛሬዋ ቼናይ፣ በ1918 ተወልዳ እዚያው በ1984 ያረፈች፣ ባራታናትያም የሚባለው የደቡብ ህንድ ነባር ጥበብ ዳንሰኛ ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የአገሯ ሰው አሳጥሮ ባላ ይላታል፤ እኔም እንደዚያው ልበላት።

የማውቃት በተቀረጸ ምስል ነው። ታላቁ የቤንጋል ፊልም ሠሪ ሳትያጂት ሬይ በ1976 ስለ እሷ አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። ባላ ያን ጊዜ ወደ ስድሳ እየተጠጋች ነው፤ ሰውነቷ ሞላ ያለ፣ ረጋ ያለች እናት። ባሕር ዳር ቆማ ትደንሳለች። ነፋሱ ሳሪዋን እየገፈፈ ያስቸግራታል፤ እሷ ግን ነገሬም አላለችው። የምትደንስበት መዝሙር ሕፃኑን አምላክ ክሪሽናን «ቶሎ ና» እያለ የሚጠራ ነው። መዝሙሩ ውስጥ ያለውን ታሪክ ህንዶቹ ሁሉ ያውቁታል። ሕፃኑ አፈር በላ ተብሎ ተከሰሰ፣ እናቱ «አፍህን ክፈት» አለችው፣ ሲከፍት አፉ ውስጥ ዓለምን በሙሉ አየች። ይህን የሚናገረው አንድ ስንኝ ብቻ ነው። ዳንሰኛዋ ግን ስንኙ በተደጋገመ ቁጥር ሌላ ነገር ታወጣበታለች። መጀመሪያ የምታባብል እናት ናት፤ ቀጥላ ትቆጣለች፤ ከዚያ ቁጣው ወደ ድንጋጤ፣ ድንጋጤው ወደ ስግደት ይዞራል። ይህ ሁሉ ሲሆን እግሯ ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም። ሥራው ያለው ዓይኗ፣ ቅንድቧ፣ ጣቶቿ ላይ ነው። ህንዶቹ ይህን የፊትና የእጅ ጥበብ አቢናያ ይሉታል፤ በአቢናያ ባላን የሚያክል አልነበረም የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ለማነጻጸር በቂ አላየሁም፤ ያየሁት ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከየት መጣች? እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ እኔንም የነካኝ።

ባላ ለዳንስና ለሙዚቃ ከተሰጠ ቤተሰብ ሰባተኛዋ ትውልድ ናት። ከቅድመ አያቶቿ አንዷ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በታንጃቩር ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛና ዳንሰኛ ነበረች። አያቷ ዳናማል ቪና የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ በመደርደር ስሟ የገነነ ሴት ናት፤ በእርጅናዋ ዓይኗ ጠፍቶም ዓርብ ዓርብ ማታ ቤቷ ውስጥ ትጫወት ነበር፤ የማድራስ አዋቂዎችም ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጧት ነበር። እናቷ ጃያማል ዘፋኝ ናት። ወንድሞቿ አንዱ ዋሽንት፣ አንዱ ከበሮ። በዚህ ቤት ሕፃን ልጅ ቋንቋና ዜማን የሚማረው አንድ ላይ ነው።

ትንሿ ባላ ማይላፖር ጋውሪ አማል የምትባል ዳንሰኛ አይታ በእሷ ተማረከች። ጋውሪ አማል በማድራሱ የካፓሊስዋራር ቤተ መቅደስ ታገለግል ነበር። ባላ በአራት ዓመቷ ካንዳፓ ፒላይ ከሚባል ኮስታራ መምህር እጅ ገባች። ሰውየው የታንጃቩር ቤተ መንግሥትን የዳንስ ሥርዓት ያደራጁት የአራቱ ወንድማማቾች ዘር ነው። በ1925፣ በሰባት ዓመቷ፣ ካንቺፑራም ከተማ ባለ የእንስት አምላክ ቤተ መቅደስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ደነሰች። ሰባት ዓመት! እኔ በሰባት ዓመቴ የጫማዬን ክር ማሰር አልቻልኩም ነበር።

የባላ ወገኖች ዴቫዳሲ ይባሉ ነበር። ልጃገረዲቱ በሥርዓት ለቤተ መቅደሱ አምላክ ትሰጣለች፤ አምላክ ባሏ ስለሆነ ሰው አያገባትም፤ በበዓልና በአምልኮ ጊዜ ትዘምራለች፣ ትደንሳለች። ማንበብና መጻፍ ለብዙ ሴቶች በማይታሰብበት ዘመን እነሱ ይማሩ ነበር፤ ንብረትም ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይወርድ ነበር። ከባለጸጋ ጋር የሚኖራቸው ትስስርም የታወቀ ነው። ባላ ራሷ ከ1936 ጀምሮ ሻንሙካም ቼቲ ከሚባል፣ በኋላ የነጻዋ ህንድ የመጀመሪያ የገንዘብ ሚኒስትር ከሆነ ሰው ጋር ኖራለች፤ ላክሽሚ የምትባለውን ልጇን የወለደችው ከእሱ ነው። የእንግሊዝ አገዛዝና አዲሱ የተማረ ክፍል ሲመጣ ግን እነዚህ ሴቶች በአንድ ቃል ሴተኛ አዳሪ ተባሉ። ማድራስ ውስጥ የዳንሰኛ ልጅ መባል አንገት የሚያስደፋ ሆነ። ጃያማል ልጇን ለዳንስ ስትሰጥ ከገዛ ዘመዶቿ ተቃውሞ የገጠማት ለዚህ ነው።

እኔ የአዝማሪ ልጅ ልጅ ነኝ። ይህን በጽሑፍ ሳሰፍረው የመጀመሪያዬ ነው። አያቴ በእናቴ በኩል፣ ባሏ ማሲንቆ ሲመታ እሷ እየተቀበለች፣ ሠርግና ዝክር ሲዞሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እናቴ አዲስ አበባ ገብታ፣ ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ ይህን ታሪክ ዘጋችው። ሰው ስለ አያቴ ሲጠይቃት «ድምፀ መልካም ነበረች» ብላ ታልፈዋለች። አልፈርድባትም። «የአዝማሪ ልጅ» ማለት በእሷ ዘመን ምን ያህል እንደሚያቆስል ታውቀዋለች፤ እኔ ያንን አልኖርኩትም። ነገር ግን እነዚያው የሰደቧቸው ሰዎች በየሠርጋቸው የአያቴን ስንኝ ሲጠቅሱ ነው የሚያድሩት። ባላን ያለማቋረጥ የማስባት ይህ ነገር እሷም ላይ ስለደረሰ ነው፤ የእሷ ደግሞ በሕግና በአደባባይ ነበር።

የማድራስ መንግሥት በ1947 ባወጣው ሕግ ሴት ልጅን ለቤተ መቅደስ መስጠትን ከለከለ፤ በቤተ መቅደስ ቅጥር ውስጥ መደነስም አብሮ ተከለከለ። ለዚህ ሕግ ለዓመታት የታገለችው ሙቱላክሽሚ ሬዲ ሐኪም ናት፤ በማድራስ ምክር ቤት የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴትም ናት። የራሷ እናት ከዚሁ ከዴቫዳሲ ወገን ነበረች። ሕፃናት ልጆች ሳይጠየቁ ለማይመርጡት ሕይወት ይሰጡ እንደነበር እውነት ነው፤ ሬዲ ያየችውን አይታ ነው የተነሣችው። እሷን መውቀስ አልችልም። የሚቆጠቁጠኝ ግን ሥርዓቱ ሲፈርስ ጥበቡን የያዙት ሴቶችም አብረው ከመድረክ መገፋታቸው ነው። ዳንሱ ራሱ ግን አልቀረም። ሳዲር ይባል የነበረው ስሙ ተለወጠና ባራታናትያም ተባለ፤ በ1935 ሩክሚኒ ዴቪ የምትባል የብራህሚን (የላይኛው የካህናት ወገን) ተወላጅ በሰው ፊት ደነሰችው፣ በዓመቱ ካላክሼትራ የሚባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመች፤ ከዚያ በኋላ የጨዋ ቤት ልጆች ሁሉ ሊማሩት ጎረፉ። ሩክሚኒ ዴቪ ከተማረችባቸው አንዷ ማን ነበረች? ያችው ባላን ያነሣሣቻት ጋውሪ አማል። ከአንድ ምንጭ ነው ሁለቱም የጠጡት።

ሩክሚኒ ዴቪ ትልቅ ሠራተኛ ናት፤ ያለ እሷ ይህ ጥበብ ዓለም ላይ ይህን ያህል አይሰፋም ነበር። ሆኖም ዳንሱ ውስጥ ያለው የፍቅር ስሜት፣ ህንዶቹ ሽሪንጋራ የሚሉት፣ መጥራት አለበት የሚል እምነት ነበራት። የሴት ናፍቆት፣ የፍቅረኛ ቅናት፣ ሌሊቱን በር በሩን ማየት፣ እነዚህን ወደ ንጹሕ መንፈሳዊነት ማዞር ፈለገች። ባላ በዚህ አልተስማማችም። ሽሪንጋራ የስሜቶች ሁሉ አክሊል ነው አለች። ነፍስ አምላኳን የምትናፍቀው በዚሁ ሴት ወንድን በምትናፍቅበት ናፍቆት ነው፤ ጥበቡ እንዳለ ቅዱስ ነው፣ አዲስ ማጥሪያ አያስፈልገውም አለች። እኔ ከባላ ጋር ነኝ፤ አጥብቄ። እሷ የተከላከለችው ስለ ዳንስ አንድ ሐሳብ ብቻ አልነበረም። እናቶቿ ሰባት ትውልድ የሠሩት ነገር ቆሻሻ አልነበረም ማለቷ ነው።

ከባድ ዓመታት መጡባት። መምህሯ ካንዳፓ በአርባዎቹ መጀመሪያ ሞተ፤ የሚጠራት መድረክ አነሰ፤ ጤናዋም ተቃወሰ። ከዚህ ዘመን የሚተረክ አንድ ነገር አለ። ከማድራስ ወጣ ብሎ ቲሩታኒ በሚባል ቦታ የሙሩጋን ቤተ መቅደስ አለ። በቤተ መቅደስ መደነስ ተከልክሎ ሳለ ባላ እዚያ ሄዳ፣ ተመልካች በሌለበት፣ በአምላኩ ፊት ብቻ ደነሰች ይባላል። ጭብጨባ የለ፣ ክፍያ የለ። እናቶቿ ሲያደርጉት የኖሩትን አደረገች። በ1953 ደግሞ የማድራስ ሙዚቃ አካዳሚ ጥላ ሥር የዳንስ ትምህርት ቤት ተከፈተላትና ማስተማር ጀመረች።

በ1975 ማድራስ ውስጥ ባደረገችው ንግግር የባራታናትያምን ቅደም ተከተል ከቤተ መቅደስ አሠራር ጋር አነጻጽራዋለች፤ ይህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ የሚመጣው አላሪፑ ምት ብቻ ነው፤ እሱ የቅጥሩ በር ነው። ቀጥሎ ጃቲስዋራም ዜማ ይጨምራል፣ ሳብዳም ቃል ይጨምራል፤ እነሱ መሸጋገሪያውና ሰፊው አዳራሽ ናቸው። ሁሉም የሚገናኝበት ረጅሙ ቫርናም ወደ ቅዱሱ ስፍራ ያስገባል። ከዚያ ፓዳም ይመጣል። መብራቱ ይቀንሳል፣ ከበሮው ይረጋል፣ ሰው ከአምላኩ አጠገብ በዝቅታ ያዜማል። መጨረሻ ላይ ቲላና እንደሚንቦገቦግ ካምፎር (በአምልኮ የሚነድ፣ ሽታ ያለው ነገር) እንቅስቃሴውን ይመልሰዋል፣ በአንዲት አጭር የጸሎት ስንኝም ይዘጋል። ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ እያለ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። አንዱን ክፍል ዘልሎ ወደሚቀጥለው መግባት ለእሷ በመስኮት እንደ መግባት ነበር፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ማንም እንዲነካባት አልፈቀደችም።

ውጭ አገር የወጣችው ከአርባ ዓመቷ በኋላ ነው። በ1961 ቶኪዮ፣ በ1962 አሜሪካ፣ በ1963 ኤድንብራ። ይህን በፍጥነት ባልፈው አያስቀይማትም፤ ዝናዋን ሲያወሩ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚያተኩሩት። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ቋንቋውን ጨርሶ በማያውቅ ሕዝብ ፊት፣ ያለ ብዙ መብራትና ማስጌጫ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ጭምር አቢናያ ትሠራ ነበር፤ እየደነሰችም ራሷ ታዜማለች። ዳንሰኛ ዜማ ካላወቀ ዳንሱ ጎደሎ ነው ባይ ናት። ስታዜም ድምፁ የሚመጣው እጇ ከሚሄድበት ቦታ ነው የሚመስለው። ወንድሞቿ ቪስዋናታንና ራንጋናታን አሜሪካ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ አስተማሩ፤ ልጇ ላክሽሚ ጥበቡን ከእናቷ ተረከበች፣ የልጅ ልጇ አኒሩዳም ዳንሰኛ ሆነ።

በ1973 የማድራስ ሙዚቃ አካዳሚ ለታላላቅ ሙዚቀኞች ብቻ ይሰጠው የነበረውን ሳንጊታ ካላኒዲ የሚባል ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዳንሰኛ ሰጠ፤ ለባላ። በ1977 መንግሥት ፓድማ ቪቡሻን የሚባለውን ከፍተኛ ሽልማት ሸለማት። ደስ ይለኛል። ግን ጋውሪ አማልስ? ስማቸው ያልተጻፈው የሌሎቹ ቤቶች ልጆችስ? ዛሬ ቼናይ ውስጥ በየመድረኩ ከሚደንሱት አብዛኞቹ ከሌላ ወገን ናቸው። ከነባሮቹ ቤተሰቦች የወጡ እንደ ንሪትያ ፒላይ ያሉ ዳንሰኞች ይህን በአደባባይ እየተናገሩ ነው፤ የሚሰሙት መልስም ሁልጊዜ ደግ አይደለም።

ትናንት እናቴ ጋር ደወልኩ። «እማዬ፣ እናትሽ ምን ምን ትዘፍን ነበር?» አልኳት።

«አሁን ይሄ ምን ያደርግልሻል?»

«ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ዝም አለች። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ ሁለት ስንኝ አወጣችልኝ፣ ሦስተኛው ጠፋባት፣ ተናደደች። «ታላቅ እህቴ ታውቀዋለች፤ እሷ ናት ከእናታችን ጋር ትዞር የነበረችው» አለችኝ። ለፋሲካ አክስቴም እማዬ ቤት እንድትመጣ ጠርቻታለሁ። ስልኬ ላይ እቀዳቸዋለሁ፤ ስንኞቹን ብቻ ሳይሆን የት ሠርግ፣ ማን ቤት፣ ምን ተከፍሏቸው እንደነበርም እጠይቃለሁ።